«ድንገት አረፈ» እየተባለ እስከ መቼ?

የ17 ዓመት ልጅ ራሱን አጠፋ። ድንኳን ተተከለ። «ምን አግኝቶት ነው?» ሲባል «ድንገት ነው»፣ «ጨጓራ ያመው ነበር»፣ «ልቡ ነው አሉ»። ዕድርተኛው ሁሉ እውነቱን ያውቃል፣ ዕድርተኛው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። አያውቁም የሚባሉት ጥግ ላይ ተኮልኩለው የተቀመጡት የክፍል ጓደኞቹ ናቸው። እነሱ ግን ከሁላችንም ቀድመው በስልካቸው አንብበውታል። ከድንኳኑ ይዘው የሚወጡት ትምህርት አንድ ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው አይነገርም።

እናትና አባቱን አልወቅስም። ፍትሐት ይከለከላል ብለው ፈርተዋል፣ ለቀሩት ልጆቻቸው ስም ተጨንቀዋል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የመጣለትን ይናገራል። ጥሌ ከእኛ ከከበብናቸው ጋር ነው።

ይህን ውሸት እኮ ከዚህ በፊትም እናውቀዋለን። ኤችአይቪ ቤት ሲያፈርስ በነበረበት ዘመን ሰው ሁሉ የሚሞተው «በአጭር ሕመም» ነበር። በዝምታው ስንት ወጣት ቀበርን! ነገሩ መለወጥ የጀመረው በደማቸው ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች አደባባይ ወጥተው «እኔ ነኝ» ሲሉ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናገሩ። ያኔ የቻልነውን ዛሬ ለአእምሮ ሕመም የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው የሚያናድደኝ ወሬ «ውጤት ነው የገደለው» የሚለው ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ከ96 በመቶ በላይ ናቸው፤ እጅግ አብዛኞቹ ዛሬም አብረውን አሉ። ስለዚህ አንድ ወረቀት ብቻውን ሰው አይገድልም። ከወረቀቱ በፊት የቆየ ድብርት ይኖራል፣ እንቅልፍ ማጣት ይኖራል፣ ቤት ውስጥ የሚደርስ ዱላ ወይም ለማንም ያልተነገረ ጥቃት ሊኖር ይችላል። «አንገቴን አስደፋኸኝ» የሚለው ቃል ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ይጨመራል። አንድ ምክንያት ፈልጎ ለጥፎ መገላገል ለእኛ ነው የሚመቸን። ትምህርት ቤቱ ከተማሪዎቹ መካከል ማን እንደተለወጠ ሳይጠይቅ ሰኞ ሰልፍ አሰልፎ ይቀጥላል።

ልጁን ሰፈሩ የሚያውቀው በሌላ ነው። የእትዬዎቹን ስልክ በነፃ የሚያስተካክል፣ ስለ አርሰናል ሲከራከር ድምፁ አስፋልት ድረስ የሚሰማ ልጅ ነበር። አሟሟቱ ይሄን ሁሉ አጥፍቶት አሁን ስሙ ሲነሳ ሰው ወሬ ይቀይራል። እኔም ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ የቤተሰቡ ነው። ስለ እሱ ማውራት ግን ነውር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። «የፈረንጅ በሽታ» ስትሉ የከረማችሁ ይህን ያዙልኝ። «ስለሱ ከጠየቅነው ሐሳቡን እናስገባበታለን» የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለውም። ከሰው የራቀ፣ የሚወደውን ዕቃ ማደል የጀመረ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ያለ ልጅ ካለ ለብቻው ወስዳችሁ በቀጥታ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ካለ አትቆጡ፣ አትገዝቱት፣ ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከቤት አርቃችሁ ይዛችሁት ሐኪም ቤት ሂዱ። አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፤ ጳውሎስም፣ ዘውዲቱም፣ ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። (ስም መጥራት ካስፈራን፣ «አማኑኤል ይግባ» እያልን ስንሳደብ ስለኖርን ነው።) ጠበልም ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ ሐኪሙ የሰጠውን ኪኒን ግን አታስጥሉት።

ይህን የምታነቡ ልጆች ካላችሁና ሐሳቡ እናንተው ዘንድ ካለ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማችሁ ለሁለተኛው ንገሩ። አክስትም ትሁን፣ መምህርም፣ የንስሐ አባትም፣ የጤና ጣቢያ ነርስም። በሕክምና የሚድን ሕመም ነው፣ ብዙዎች ድነዋል።

አሁን ወደ ቴሌግራም ሰዎች። ልጁ በሞተ በሰዓታት ውስጥ ፎቶውን፣ ጻፈው የተባለውን ደብዳቤና እንዴት እንደሞተ በዝርዝር የለጠፋችሁ ቻናሎች አላችሁ። «ለግንዛቤ» ብላችሁ ነው የጻፋችሁት። የአሜሪካው ተመራማሪ ዴቪድ ፊሊፕስ የዛሬ 50 ዓመት ገደማ፣ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ጋዜጦች እንዲህ ያለውን ሞት ሲያገንኑት ተከትሎ ተመሳሳይ ሞት እንደሚጨምር አሳይቷል። በቪየና ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. ጋዜጦች ዝርዝሩንና ማጋነኑን ሲተዉ፣ ይዘግቡት የነበረው ዓይነት ሞት በወራት ውስጥ በጣም ቀነሰ። የምትለጥፉትን ሌላ የተጨነቀ ልጅ ሌሊት ብቻውን ሆኖ ነው የሚያነበው። ግንዛቤ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ምልክቶቹንና እርዳታ የሚገኝበትን ቦታ ጻፉ።

ፎቶውንና ደብዳቤውን ዛሬ አውርዱት። ታናሽ እህቱ 8ኛ ክፍል ናት፣ እሷም ስልክ አላት።