«ቱርኩ» አንቶኒ፦ የአንድ የቤተሰብ ስም ጉዞ ከሳሌ እስከ ኒውዮርክ



በእኛ አገር ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፤ የአያቱ ስም ሲጨመር የማን ዘር እንደሆነ ይለያል። ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችን ግን ቅጽ ሲሞሉ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ይጠብቃቸዋል። አንዱ በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም ይሞላዋል። ስለዚህም አባትና ልጅ በመዝገብ ላይ የተለያየ ቤተሰብ መስለው ይገኛሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ ዘሩን የሚፈልግ የልጅ ልጅ የነዚህን ሰዎች ዝምድና በምን ያገኘዋል? በዚያችው አገር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሰፈሩ ሆላንዳውያንም የሚጠሩት ልክ እንደኛ በአባት ስም ነበር። ዛሬ በመዝገቦቻቸው ውስጥ «ቱርኩ» ተብሎ የተጻፈን የአንድ ሰው ስም እንከተላለን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒውዮርክ በፊት ኒው አምስተርዳም የምትባል የሆላንዳውያን ሰፈር ነበረች። ወደዚች ሰፈር በ1630 ገደማ አንቶኒ ያንሰን ቫን ሳሌ የሚባል ሰው ከባለቤቱ ከግሪትየ ሬይኒርስ ጋር መጣ። ስሙን እንፍታው። «ያንሰን» ማለት የያን ልጅ ማለት ነው። «ቫን ሳሌ» ደግሞ የሳሌ ሰው ማለት ነው። ሳሌ በሞሮኮ፣ ከራባት ማዶ በቡ ረግረግ ወንዝ አፍ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ዐረቦች ሰላ ይሏታል፤ የዚያን አገር ሰው «አስ-ሰላዊ» ብለው ይጠሩታል። የታወቀው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሞሮኮ ታሪክ ጸሐፊ አሕመድ ኢብን ኻሊድ አን-ናሲሪም አስ-ሰላዊ ነው። እንግዲህ ዛሬ የቤተሰብ ስም የምንለው ነገር መጀመሪያ የአባት ስምና የአገር አድራሻ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ያን የተባለው አባት ማን ነው? አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ያን ያንስዞን የተባለው የሃርለም መርከበኛ ነው ይላሉ። ይህ ሰው በ1618 በካናሪ ደሴቶች አካባቢ በሰሜን አፍሪካ የባሕር ተዋጊዎች ተማረከ፤ ከዚያም ሰለመና ሙራድ ረኢስ ተባለ። ቆይቶም የሳሌ መርከቦች አለቃ ሆነ። መርከቦቹ በ1627 አይስላንድን፣ በ1631 በአየርላንድ የምትገኘውን የባልቲሞር መንደር ወርረው ነዋሪዎችን ለባርነት ወስደዋል። ይህን ሸፍኖ ጀግንነቱን ብቻ ማውራት ለታሪክ አይበጅም። የአንቶኒ አባት እርሱ ነው ለማለት የሚቀርበው ማስረጃም ስሙ፣ ቦታውና ዘመኑ መገጣጠማቸው ነው። ያን ደግሞ በሆላንዳውያን ዘንድ እንደኛ መሐመድ የበዛ ስም ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ሚዛን የሚደፋ ቢሆንም ያለቀለት ነገር ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

አንቶኒ በብዛት የሚገኘው በፍርድ መዝገብ ነው። የዚያ ዘመን ተራ ሰው ወረቀት ላይ ስሙ የሚሰፍረው ሲጠመቅ፣ ሲያገባ፣ መሬት ሲገዛና ሲከሰስ ነበር፤ አንቶኒ ደግሞ ክስ አላጣም። በ1638 አንቶኒ ፖርቱጋሉ የሚባል ጥቁር ሰው «ውሻህ ዐሣማዬን ጎዳብኝ» ብሎ ከሰሰው። ከሰፈሩ ቄስ ከኤቨራርዱስ ቦጋርዱስ ጋርም እርሱና ባለቤቱ ከባድ ጠብ ነበራቸው። በመጨረሻ በ1639 ባልና ሚስቱ ከሰፈሩ እንዲወጡ ተፈረደባቸው። በ1643 ግን በሎንግ አይላንድ፣ ዛሬ የብሩክሊን ክፍል በሆነው ቦታ፣ ወደ 80 ሄክታር የሚሆን መሬት በአገረ ገዢው ደብዳቤ ጸናለት። እነዚህ የሆላንድኛ መዝገቦች በአልባኒ የኒውዮርክ ግዛት ቤተ መዛግብት ውስጥ ይገኛሉ፤ ከ1911ዱ ቃጠሎ ጠርዛቸው እየተለበለበ የተረፉ ናቸው። ያው ሰው አንድ ቦታ «ቫን ሳሌ»፣ ሌላ ቦታ «ቫን ቫስ» (የፌዝ ሰው)፣ አንዳንዴም «ቱርኩ» ብቻ ተብሏል። አንዱን አጻጻፍ ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ሕይወቱን ሳያገኝ ይቀራል።

አንቶኒ ሙስሊም ነበር? በዚያ ዘመን አውሮፓውያን «ቱርክ» የሚሉት ሙስሊምን ወይም ከሙስሊሞች አገር የመጣን ሰው ነበር። መዝገቡ ከዚህ አልፎ ስለ ሰላቱም ስለ ጾሙም አይናገርም። ልጆቹ የተዳሩት ለክርስቲያኖች ነው። በኢስላም ነሰብን መጠበቅ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የማደጎ ልጅ እንኳ በወላጅ አባቱ ስም እንዲጠራ ታዝዟል። የራስ ያልሆነን ዘር የራስ ማድረግም በጥብቅ የተከለከለ ነው። ታዲያ «በአሜሪካ የመጀመሪያው ሙስሊም» እያሉ ስሙን የሚያስተጋቡ ወገኖች ወረቀቱ ከሚለው በላይ ባይናገሩ መልካም ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ በሰንሰለት የተወሰዱትና ስማቸውን ማንም ያልጻፈላቸው ሙስሊሞች ስንት እንደነበሩ አላህ ያውቃል።

ወደ ስሙ እንመለስ። አንቶኒ ኢቫ፣ ኮርኔሊያ፣ አኒካና ሳራ የሚባሉ አራት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ዘሩ የቀጠለው በባሎቻቸው ስም ስለሆነ ስሙ በእርሱ መስመር ቆመ። ወንዱን መስመር ብቻ የሚከተል ፈላጊ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ብልህ ፈላጊ ግን በጥምቀት መዝገብ የምስክሮቹን ስም ያያል፤ ሆላንዳውያን አክስትና አጎትን ምስክር ማድረግ፣ ሕፃኑንም በአያቱ ስም መጥራት ልማዳቸው ነበርና። እንግሊዞች በ1664 ሰፈሩን ከያዙ በኋላ የአባት ስም ቀስ በቀስ ወደ ቋሚ የቤተሰብ ስም ተለወጠ። በ1687 በብሩክሊን አካባቢ የታማኝነት መሐላ የፈጸሙ ወንዶች ዝርዝር በአገሩ የተወለደውን ከመጤው ስለሚለይ ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ ብዙ ይረዳል።

ስሙ ራሱ ግን አልጠፋም። አብርሃም ያንሰን ቫን ሳሌ የሚባል፣ የአንቶኒ ወንድም ሳይሆን እንደማይቀር የሚታመን ሰው ነበር። የአብርሃም ልጅ ፍራንስ እናቱ ጥቁር ሴት ነበረች። የዘር ሐረግ ተመራማሪው ሄንሪ ሆፍ በ1990 ባሳተመው ጥናት የፍራንስን ልጆችና የልጅ ልጆች በኒውዮርክና በኒው ጀርሲ መዝገቦች ተከታትሏል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጸሐፊዎች እጅ «ቫን ሳሌ» እየተጣመመ «ቫን ሰርሊ» ሆነ። ከዚህ ቤተሰብ የተወለደችው ማሪያ ቫን ሰርሊ፣ ከካልካታ የመጣ ጆርጅ ደግራስ የተባለ ሰው አገባች። ልጃቸው ጆን ቫን ሰርሊ ደግራስ በ1849 ከቦውዶን የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ በ1854 የማሳቹሴትስ የሐኪሞች ማኅበር አባል ሆነ፤ በእርስ በርሱ ጦርነትም የጥቁር ወታደሮች ሐኪም ሆኖ አገለገለ። በስሙ መካከል የነበረችው «ሰርሊ» ያቺው የሞሮኮዋ ሰላ ናት።