የጋን መብራት ለማን ይበራል?

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በአረካ በኩል ወደ ቦምቤ የሚያልፍ መንገደኛ አስቀድሞ ዐይኑን የሚስበው እንሰት ነው። ቤቱ የሚታየው ከእንሰቱ በኋላ ነው። እንሰት ለወላይታ ገበሬ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ሲቀር የማይከዳው ጎተራው፣ ለከብቱ መኖ፣ ለቤቱ ጥላ ነው። ባለፈው ክረምት ከቦምቤ ከተማ አጠገብ ካለ አንድ ቤት በእንግድነት ገብቼ ሳለሁ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ከዚያው ከጓሮው ተገኘ።

የቤቱ ልጅ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት የሚከታተል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ነገሩ የአንዱ ብቻ አይደለምና። በጓሮው ያሉት እንሰቶች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይጠወልግ ጀምሯል፤ ልጁም የመመረቂያ ጽሑፉን ሊጽፍ የመረጠው በዚሁ በአጠውልግ በሽታ ላይ ነበር። በስልኩ ሲፈልግ አንድ የምርምር ጽሑፍ አገኘ። ርእሱንና ጥቂት መሥመር አሳይቶ፣ የቀረውን ለማንበብ ከሠላሳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ጠየቀው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ከእርሱ በፊት የተመረቁት በዚሁ ጉዳይ የጻፉትን ቢለምን፣ ጽሑፉ በቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ግን ፈቃድ በወጣ ሰው እጅ እንደሚገኝ ነገሩት። አባቱ ይህን ሁሉ በዝምታ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «እንግዲያ የተማሩት ሰዎች የሚያውቁትን ለማን ነው የሚያስቀምጡት?» ሲሉ ጠየቁ። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም።

ክቡር አንባቢ ሆይ! ዛሬ «ዲጂታል» የሚለው ቃል የማይነሣበት ጉባኤ የለም። የተገዛው ኮምፒዩተር ይቈጠራል፤ የተዘረጋው መሥመር ይለካል፤ ሪፖርቱም ይጻፋል። ይህ መልካም ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ዳሩ ግን የማይቈጠር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በመሣሪያው ውስጥ ለተማሪው የተከፈተለት ዕውቀት ምን ያህል ነው? የሚለው ነው። ሣጥኑን ገዝቶ ውስጡን ባዶ መተው ሥልጣኔ አይባልም። ዕውቀቱ ካልተከፈተ መሣሪያው የተቈለፈውን በር ከቅርብ ለማሳየት ብቻ ይጠቅማል።

ከዚህ ቀደም ያየነው ትምህርት አለን። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ በሳተላይት መምጣት ጀመረ። መምህር በጠፋበት ስፍራ ትምህርት ማድረሱ እውነት ነውና ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ትምህርቱ በውጭ አገር ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ የሚያልፍ ነበር። ተማሪው ባይገባው ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም፤ መምህሩም ትምህርቱን ሊያቆመው፣ ሊያርመው፣ የአገሩንም ምሳሌ ሊያስገባበት አይችልም። ስለዚህ መምህሩ በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ። ጥፋቱ የመስታወቱ አልነበረም፤ ለመምህሩ እጅ ያልተከፈተ ትምህርት በመሆኑ ነው።

ክፍት የትምህርት ሀብት የሚባለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ስያሜው በዩኔስኮ ጉባኤ የተሰጠው በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በ2001 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኮርሶቹን ጽሑፍ ለዓለም ሁሉ በነጻ እንደሚያወጣ አስታውቆ ነበር። ኢትዮጵያ ያለችባቸው የአፍሪካ አገሮች ምሁራንም በአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ በኩል የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ ጽሑፎችን በጋራ አዘጋጅተው በዚሁ መንገድ አውጥተዋል። የነገሩ ፍሬ በነጻ መገኘቱ ብቻ አይደለም። የጽሑፉ ባለቤት ፈቃዱን አስቀድሞ በጽሑፍ ስለሚሰጥ፣ መምህሩ ሊይዘው፣ ሊያባዛው፣ ሊተረጕመው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል። ስለ ሙዝ የተጻፈውን ምዕራፍ ወስዶ ስለ እንሰት ሊያደርገው ይፈቀድለታል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ደርሶ አይደለም። የአብነት ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ሲማር ዕውቀቱ አልተሸጠለትም፤ ኮቸሮውን ለምኖ ይማራል እንጂ። መጽሐፍ ያለው ደብር ለሌለው ያውሳል፤ ጸሐፊውም ብራናውን ፍቆ ይገለብጣል፤ በመጨረሻም ያስጻፈውንና የጻፈውን ስም አኑሮ ጸሎት ይለምናል። የጻፈው ሰው ስሙ እንዲጠራ፣ ጽሑፉ ግን እንዲባዛ ማድረግ ነበር ሥርዓቱ። ዛሬ የዓለም ሊቃውንት በሕግ ቋንቋ ያረቀቁት ፈቃድ ከዚህ የሚርቅ አይደለም።

አንዳንዶች፣ «መብራት በሚጠፋበትና መሥመር በሚቋረጥበት ገጠር ስለዚህ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ችግሩን አልክድም። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የቆመውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ሳለው፣ የአካባቢው ልጅ በኩራዝ ሲያጠና ማየት፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት የሚደግፈው የእኔን ክርክር ነው። መሥመር ሲቋረጥ የሚቀረው በእጅ የተያዘው ብቻ ነውና። የተዘጋ ጽሑፍ ሁልጊዜ መሥመርና ገንዘብ ይፈልጋል፤ የተከፈተ ጽሑፍ ግን አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ በፍላሽ ይዞራል፤ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ሙድልን የመሰለው የማስተማሪያ ፕሮግራም፣ ዊኪፒዲያን ያለ መሥመር የሚያስነብበው ኪዊክስም ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው። ዛሬ ተማሪዎቻችን መጻሕፍቱን በቴሌግራም በስውር ይቀባበላሉ። ቅን ተማሪን እንደ ሌባ ተሸሽጎ እንዲያነብ ያደረግነው እኛ ነን፤ የሚከፈተውን ስላልከፈትንለት።

ሌሎች ደግሞ፣ «ይህ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ አእምሯችንን ለባዕድ ያስገዛል» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ የሌላውን እየበላ የራሱን የማያበስል ቤት እንግድነቱ አያልቅምና። ነገር ግን መድኃኒቱ የራሳችንን መክፈት ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ መንሥኤው ባክቴሪያ መሆኑ ለሳይንስ የታወቀው በ1968 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ነው። እንሰቱ የኢትዮጵያ፣ በሽታው የኢትዮጵያ፣ ከመርማሪዎቹም አንዱ ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ጽሑፉ የወጣው ግን በአሜሪካ መጽሔት ነበር። ይኸው በሽታ በ2001 በዩጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ። እንግዲህ የእኛ ጓሮ የሚያውቀው ነገር ለዓለም የሚያስፈልግ መሆኑ በዚህ ይገለጣል።

የተከፈተው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። ወላይታን ለረጅም ዘመን ያሠቃየው የእግር ዝሆኔ በሽታ በባዶ እግር የቀይ አፈር መሬት በመርገጥ የሚመጣ ነው። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና በሽታው የሌለባቸውን 203 ሰዎች መርምረው፣ ለበሽታው መጋለጥ በዘር የሚወረስ ድርሻ እንዳለው በ2012 እ.ኤ.አ. በታላቁ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አስረዱ። ይህን ጽሑፍ ዛሬ በሶዶ ያለ የሕክምና ተማሪ ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል። ናሙናውን የሰጠው ገበሬ፣ ልጁ ውጤቱን ያነባል፤ ፍትሕ ማለት ይህ ነው።

«ሥራዬን ብከፍተው ይሰረቅብኛል» የሚሉ መምህራንም አሉ። እጠይቃቸዋለሁ፦ ከሌላ የተቀዳ የመመረቂያ ጽሑፍ በደኅና የሚኖረው የት ነው? በተቈለፈው ቁም ሣጥን አይደለምን? ማንም በማያነበው ስፍራ ሌብነት አይጋለጥም። የተከፈተ ሥራ ግን የጸሐፊው ስምና ቀን በላዩ ታትሞ ሺሕ ምስክር ይቆምለታል።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል ልጨምር። በ1992 ዓ.ም. ወጋጎዳ በሚል ስም የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ አዋሕዶ የተዘጋጀው መማሪያ መጽሐፍ በወላይታ ሶዶ ያስከተለው ቁጣና የሕይወት ጥፋት አይረሳም። ከዚያ የምንማረው፣ መጽሐፍ ከላይ ተሰፍቶ ለሁሉ ልክ የሚለበስ ልብስ አለመሆኑን ነው። ክፍት መጽሐፍ ግን እያንዳንዱ በልኩ ይሰፋዋል፤ ወላይታው በወላይትኛ፣ ጋሞውም በጋሞኛ።

እንግዲህ ሕግ ጐደለን እንዳይባል ሕጉ አለ። በጊዜው የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመስከረም 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻ ገብቶ ለሁሉ እንዲገለጥ ያዝዛል። ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ በመጋቢት 2012 በወረርሽኙ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ተማሪውም ወደየመንደሩ ተበተነ። የዚያን ጊዜ የከፈቱና ያልከፈቱ ክፍሎች ልዩነታቸው ታየ። አሁን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ተመራቂ ሁሉ በአንድ የመውጫ ፈተና ይመዘናል። ሚዛኑን አንድ አድርገን መጽሐፉን ለአንዱ ክፍት፣ ለሌላው ዝግ ብናደርግ በደል ነው።

ስለዚህ ለባለሥልጣኖቻችንና ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ልመና አራት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ምስጢርነቱ በሕግ ካልተወሰነ በቀር፣ ለሁሉ በሚገለጥ ማከማቻ ሳይገባ ዲግሪ አይሰጥ። ሁለተኛ፣ መምህር ለማዕርግ ዕድገት ሲቀርብ ለአገሩ ተማሪ ያዘጋጀው ክፍት መጽሐፍ በባሕር ማዶ መጽሔት ከታተመው ጽሑፍ ጋር ይቈጠርለት። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ኮርስ በአገሩ ምሳሌ አድሶ ያውጣ፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንሰት ካልጻፈ ማን ሊጽፍ ነው? አራተኛ፣ የሚገዛው ዕቃ ከመገዛቱ በፊት መሥመር ሲቋረጥ ምን እንደሚያስነብብ ይጠየቅ።

በመጨረሻ ወደ ቦምቤው ቤት ልመለስ። ሊቃውንት ስለ አጠውልግ በሽታ ከደረሱበት ምክር ዋናው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ የታመመውን ነቅለህ ቅበር፣ በእርሱ የሠራህበትን ቢላዋ በእሳት ሳታሳልፍ ጤነኛውን አትንካ። ያ ገበሬ ግን የታመመውን በቈረጡበት ቢላዋ ጤነኛውን ሲቈርጡ አይቻለሁ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ስልክ በእጁ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩም ተጽፎ ተቀምጧል። በመካከላቸው ያለው ቁልፍ ብቻ ነው። ያንን ቁልፍ የያዘው ሰው ፈቃድ ወጥቶ ከሆነ፣ እንግዲህ ይጠራ።