ጣሪያው የጋራ፣ ዲሹ የየግል ለምን?

ለብሎካችን ነዋሪዎች በሙሉ፣

ክረምት በገባ ቁጥር ለማኅበራችን የሚቀርበው አቤቱታ ሁለት ዓይነት ነው። ከላይኛው ፎቅ የሚመጣው «ጣሪያው ያፈሳል» ይላል። ከታች የሚመጣው ደግሞ «ቴሌቪዥኑ ይቆራረጣል» ይላል። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን የብዙው ምንጭ አንድ ነው፤ ይኸውም ያለ ሥርዓት ጣሪያችን ላይ የበቀለው የዲሽ ጫካ ነው።

ዲሽ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ይበሳል። ዲሹ ሲነሣ ብሎኑ ይነቀላል፤ ቀዳዳው ግን ክፍቱን ይቀራል። ውሃው የሚወርደው ዲሹን ባስተከለው ሰው ላይ ሳይሆን አምስተኛ ፎቅ ባሉት እናት አልጋ ላይ ነው። አዲሱን ለመትከል የቆየው ገፋ ይደረጋል፤ ማታ ላይ የአንዱ ቤት ስክሪን ይጠፋል፤ በማግሥቱ ጎረቤትና ጎረቤት ሰላምታ ይነፋፈጋል። ለቀው የሄዱ ተከራዮች ዲሽም ዝጎ እዚያው ቆሟል። አንድ ቀን ነፋስ ቢጥለው ከሥር የሚጫወተው የማን ልጅ ነው? ይህን የሚመልስልን አላገኘንም።

«ጣሪያው የኔም ነው፤ ምን አገባችሁ?» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ የእርስዎም ነው። የእርስዎ ብቻ ግን አይደለም። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየቤታችን ውጭ ያለውን የሕንፃውን ክፍል የጋራ ብሎታል። በጋራ ንብረት ላይ ብቻውን ወስኖ የሚበሳ ሰው መብቱን አልተጠቀመም፤ የሌላውን ወሰደ እንጂ።

ደግሞስ ዲሽ በዛ ማለት ምስል ጠራ ማለት ነው እንዴ? ድሮ፣ በዚያ የዓሣ አጥንት በሚመስለው አንቴና ዘመን፣ ምስሉ ሲደክም በረዶ ይጥል ነበር እንጂ ጨርሶ አይጠፋም ነበር። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያዞራል፤ ሌላው ከታች «እሺ፣ እሺ፣ አለፈ፣ መልስ!» ይላል። የዛሬው ዲጂታል ሥርጭት ጠባዩ ሌላ ነው። ኃይሉ ሲበቃው ጥርት ይላል፤ ትንሽ ሲያንሰው ይቆራረጣል፤ ከዚያ ሲያንስ ይጠፋል። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ኃይል እጅግ ደካማ ነው። ዲሹ አንድ ሁለት ዲግሪ ከዞረ ምስሉ ሊጠፋ ይችላል። በነጠላ ብሎን የቆመ፣ ድመት ሲዘልበት የሚነቃነቅ ዲሽ እንዴት አድርጎ ይጥራ?

የዲሹን ስፋትም እንመልከት። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዲሽ ይልቅ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነው የሚሰበስበው ኃይል ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው። 120 የሆነው ደግሞ አራት እጥፍ ይሰበስባል። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሲግናሉን ይቀንሰዋል፤ ትንሹ ዲሽ መጀመሪያ የሚጠፋው ትርፍ ስለሌለው ነው። ለየብቻችን ትንንሽ ከምንገዛ አዋጥተን አንድ ትልቅ ብንገዛ ክረምቱን ሳንሳቀቅ እናልፈው ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የተቃዋሚዎቻችንን ቃል እንመርምር።

አንደኛ፣ «የጋራ ዲሽ ሞክረን አይተነዋል፤ ጎረቤቴ ጣቢያ ሲቀይር የኔ ይጠፋል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጠፍቷል። የጠፋው ግን የጋራ በመሆኑ አይደለም። አንድ መውጫ ያለውን ኤል.ኤን.ቢ. በተራ ስፕሊተር ከሁለት ስለከፈሉት ነው። ሪሲቨሩ በኬብሉ በኩል 13 ወይም 18 ቮልት እየላከ ቁም ወይም አግድም የሚመጣውን ሥርጭት ይመርጣል። ሁለት ቤት በአንድ መውጫ ላይ ሁለት የተለያየ ትእዛዝ ሲሰጥ አንዱ መሸነፉ አይቀርም። መድኃኒቱ ባለ አራት ወይም ባለ ስምንት መውጫ ኤል.ኤን.ቢ. ነው፤ እያንዳንዱ መውጫ ለየቤቱ ራሱን የቻለ ነው። ከስምንት በላይ ለሆነ ቤት መልቲስዊች የሚባል ማከፋፈያ አለ። ስለዚህ ባለ ስምንቱ ሲተከል ጎረቤትዎ ኳስ፣ እርስዎ ዜና፣ ልጅዎ ፊልም ቢያይ አንዱ የሌላውን አይነካም።

ሁለተኛ፣ «እኔ የማየው ሌላ ሳተላይት ነው» ይላሉ። ይህም መልስ አለው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ኢትዮሳት ሲጀመር የአገራችን ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 ሳተላይት ላይ ተሰባሰቡ። ይህ ሳተላይት ከአዲስ አበባ ሲታይ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል፣ ወደ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው። ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ በኩል፣ ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብሎ፣ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሁለት አቅጣጫ ማለት ሁለት ትልልቅ ዲሽ ማለት ነው። የሁለቱንም የሚቀበል መልቲስዊች ስላለ የጎደለ ሰው አይኖርም።

እዚህ ላይ ሳይነገር የቆየ በደል አለ። ሁለቱም ሳተላይቶች ያሉት ከእኛ ወደ ደቡብ ባለው ሰማይ ላይ ነው። በረንዳው ፊት ለፊት ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው በረንዳው ላይ የፈለገውን ዲሽ ቢተክል ሕንፃው ራሱ ይጋርደዋል። «ሁሉም በየበረንዳው ይትከል» የሚሉት ሰዎች በረንዳቸው ወደየት እንደሚያይ እስቲ ጠይቋቸው! ለሰሜኑ ወገን ያለው መፍትሔ ጣሪያው ብቻ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ቀድሞ በወጣው ሰው ተይዟል።

ሦስተኛ፣ «የጋራ ነገር ባለቤት የለውም፤ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ይላሉ። ኧረ ለመሆኑ የእድራችን ድንኳንና ብረት ድስት የማን ነው? የጋራ ነው። ቢሆንም ለቅሶ በደረሰ ቀን ጎድሎ ያውቃል? አያውቅም፤ ደንብ፣ መዝገብና ዕቃ ጠባቂ ስላለው ነው። ዲሹም መዝገብና ኃላፊ ከተደረገለት የማይጠበቅበት ምክንያት የለም። ባለቤት ያጣውስ ዛሬ ጣሪያው ላይ የዛገው የግል ዲሽ ነው።

እስከዚያው ድረስ ምስል ሲቆራረጥ ቡስተር ለመግዛት አትሩጡ። ዲሹ ያልሰበሰበውን ቡስተር አይፈጥረውም፤ ያለውን ደካማ ምስል ከነረብሻው ያጎላዋል እንጂ። አስቀድማችሁ የኬብሉን ጫፍ እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ውሃ በገባበት መጋጠሚያና በፌስታል ተጠቅልሎ በተቀጠለ ሽቦ ላይ ነው። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ያለ ዙር ይኑረው፤ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ የሚከተሉት ሐሳቦች ለውሳኔ ይቀርባሉ፦

1. በየመግቢያው ለሁለቱ አቅጣጫ ሁለት የጋራ ዲሽ ከነመልቲስዊቹ እንዲተከል፤ የመልቲስዊቹ መብራት በደረጃው ቆጣሪ እንዲታሰብ።
2. ባለቤት የሌላቸው ዲሾች ተነሥተው ቀዳዳው ሁሉ እንዲደፈን።
3. ከእንግዲህ ማኅበሩ ሳያውቅ ማንም ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ።
4. ጡረተኞችና አቅም የሌላቸው ነዋሪዎች መዋጮውን በየወሩ ጥቂት በጥቂት እንዲከፍሉ።

የምትቃወሙ ኑና በስብሰባው ላይ ተቃወሙ። ደረጃ ላይ ማንሾካሾክ ግን ጣሪያ አይደፍንም፣ ምስልም አያጠራም። ቀጣዩ ክረምት የሚያገኘን እንደ አምናው ባልዲ ደቅነን ነው ወይስ ተስማምተን? ውሳኔው የእናንተው ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ