ስለ ልጃገረዶች የቅርጫት ኳስ የዓለም ውድድርና ስለ ወላጆች ጥንቃቄ

ሴት ልጁ ኳስ ጨዋታ እንዳማራት የሰማ አባት አስቀድሞ የሚጠይቀው «እጅ እግሯ ይሰበርብኝ ይሆን? ትምህርቷስ እንዴት ይሆናል?» እያለ ነው። እናትም በበኩሏ ስለ ልብሱ ማጠርና ስለ ጎረቤት አፍ ትጨነቃለች። ይህን ሁሉ መጠየቅ የሚገባ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለና፥ እርሱን ለመግለጥ ዕድሜያቸው ከ19 ዓመት ያላለፈ ልጃገረዶች ስለሚወዳደሩበት የቅርጫት ኳስ የዓለም ዋንጫ ጥቂት እንናገራለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የቅርጫት ኳስን በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ ያወጣው ጄምስ ኔይስሚት የተባለ መምህር ነው። ብዙ ሰው የወንዶች ጨዋታ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ዳሩ ግን ጨዋታው በወጣ በዓመቱ ሰንዳ በረንሰን የተባለች መምህርት በስሚዝ ኮሌጅ ለነበሩት ሴቶች ተማሪዎቿ አስተማረችው። እርሷም ልጃገረዶቹ አብዝተው ሮጠው እንዳይደክሙ፥ እየተጋፉም ኳስ እንዳይነጣጠቁ በማሰብ ሜዳውን ከሦስት ከፍላ፥ እያንዳንዷ ከተመደበችበት ክፍል እንዳትወጣ ደንብ አደረገች። ዛሬ ይህን ስንሰማ ፈገግ እንል ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በሰው ፊት መሮጧ ራሱ እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበረ፥ መምህርቷ በሩን የከፈተችው በዚሁ ብልሃት ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ያ አጥር ፈርሷል። ሴቶች የሚጫወቱበት ሜዳ ርዝመቱ 28፥ ወርዱ 15 ሜትር፥ የቅርጫቱም ከፍታ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከወንዶቹ ጋር አንድ ነው፤ ኳሱ ብቻ በጥቂት ያንሳል። ጨዋታውም በአሥር በአሥር ደቂቃ አራት ጊዜ ይከፈላል።

የዓለም የቅርጫት ኳስ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. በጄኔቭ ተቋቋመ። ለታላላቆቹ ሴቶች የመጀመሪያው የዓለም ውድድር በ1953 ዓ.ም. በቺሌ የተደረገ ሲሆን፥ ወደ ኦሊምፒክ የገቡት ግን በ1976 ዓ.ም. በሞንትሪያል ነው። የልጃገረዶቹ ውድድር ደግሞ በ1985 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተጀመረ፤ ድሉንም የያኔዋ ሶቪየት ኅብረት ወሰደች። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ዋንጫው አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ልጃገረዶች ሆኗል፤ ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. በኢጣሊያ የሩሲያ ልጆች 86 ለ 82 ድል አድርገዋቸዋል።

ለእኛ ለአፍሪካውያን እጅግ የሚያስደስተው በነሐሴ ወር 2021 ዓ.ም. በሀንጋሪ በደብረጸን ከተማ የተደረገው ነው። ከ16ቱ ቡድኖች መካከል የማሊ ልጃገረዶች ከአራቱ አንዱ ለመሆን በቁ። ከአፍሪካ ቡድኖች በዚህ ውድድር እዚህ ደረጃ የደረሰ ከዚያ በፊት አልነበረም። በኋላ በአውስትራሊያ፥ ቀጥሎም በባለ አገሮቹ በሀንጋሪዎች ተሸንፈው አራተኛ ወጡ። ዋንጫውን አሜሪካ ወሰደች፤ ከሁሉ የተሻለች ተብላ የተሸለመችውም አሜሪካዊቱ ኬትሊን ክላርክ ናት። ከውድድሩ ምርጥ አምስት ተጫዋቾች አንዷ ግን የባማኮ ልጅ ሲካ ኮኔ ነበረች።

እንግዲህ ከላይ ያልነው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ወደ ደብረጸን ከመሄዳቸው ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ፥ በሰኔ 2021 ዓ.ም.፥ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅትና ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በማሊ የሴቶች ወጣት ቡድን ውስጥ አሠልጣኞች በልጃገረዶች ላይ የግብረ ሥጋ በደል ሲፈጽሙ መኖራቸውን ገለጡ። በሐምሌ አንድ አሠልጣኝ ተከሰሰ። በመስከረም ደግሞ የሕግ ሊቁ ሪቻርድ ማክላረን ለዓለሙ ማኅበር ያደረጉት ምርመራ፥ ነገሩ የአንድ ሰው ብልግና ብቻ ሳይሆን እንደ ልማድ ተቈጥሮ በዝምታ የታለፈ መሆኑን አረጋገጠ። ያ ሁሉ የአራተኛነት ክብር የተገኘው በክሱና በምርመራው መካከል ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደሚችል አስተውል። ለቡድኑ የሚመርጥ አንድ ሰው፥ ከቡድኑ የሚያስወጣ ያው ሰው፥ በጉዞም የሚመራ ያው ሰው ከሆነ፥ ልጅቱ አቤት የምትለው ለማን ነው? ቤተ ሰቧ ድኻ ሆኖ ተስፋውን ሁሉ በእርሷ ላይ ጥሎ እንደ ሆነማ እምቢ ማለቷ የራሷን ብቻ ሳይሆን የወላጆቿንም ተስፋ የምትቈርጥ ያስመስልባታል። ስለዚህ ዝም ትላለች። እናት ስለ ቁምጣው ስትጨነቅ የኖረችው፥ አደጋው ግን ከቁምጣው ዘንድ አልነበረም።

ስለዚህ ወላጅ ልጁን ለቡድን ከመስጠቱ በፊት ያለ ኀፍረት ሊጠይቅ ይገባዋል። ከልጆቹ ጋር የምትጓዝ ሴት ኀላፊ አለችን? በሄዱበት አገር የሚያድሩት ከማን ጋር ነው? አሠልጣኙ ልጅቱን ለብቻዋ የሚጠራበት ምክንያት ምንድን ነው? በደል ቢደርስባት ከአሠልጣኙ በላይ የምታመለክተው ለየትኛው ሰው ነው? እነዚህን ተጠይቆ የሚቈጣ አሠልጣኝ ቢኖር፥ ቍጣው ራሱ መልስ ነው። ከዚህም ሁሉ ይልቅ ልጅቱ በቤቷ ሳለች፥ ከቡድን ብትወጣም ከቤት እንደማትወጣ በግልጥ ቃል ይነገራት።

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ከቤት ትቀመጥ» ይል ይሆናል። ይህ ግን ቅጣቱን በበደለው ፈንታ በተበደለችው ላይ መጣል ነው፤ ደግሞስ በቤት የተቀመጠች ልጅ ሁሉ ከክፉ ሰው ተሰውራ ትኖራለችን? ሲካ ኮኔ ከባማኮ ወጥታ በስፔን አገር ስትጫወት ቈየች። በ2022 ዓ.ም. የአሜሪካ የሴቶች ታላቅ ሊግ ለቡድኖቹ ተጫዋቾችን ሲመርጥ በኒው ዮርክ ቡድን ስሟ ተጠራ፤ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ለቺካጎ ተሰልፋ በዚያ ሊግ መጫወት ጀመረች።