የዘገየ ስንዴና የአሶሳ መጋቢት

በአሶሳ ዙሪያ ስለ በጋ መስኖ ስንዴ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ምርጥ ዘር ነው፤ ከዚያ ማዳበሪያ፣ ከዚያ የውኃ ፓምፕ። የሚዘራበት ቀን እምብዛም አይነሣም። ስንዴ ግን ሁሉ ተሟልቶለትም ቀኑ ካለፈበት ያከስራል።

ስንዴ የሚደርስበትን ጊዜ በአብዛኛው የሚወስነው ያገኘው ሙቀት ነው። በአርሲ ደጋ ከአራት ወር በላይ የሚቆይ ሰብል፣ ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ላይ በምትገኘው የአፋሯ ወረር በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። ፈጥኖ መድረሱ ትርፍ ይመስላል፤ የጠፋው ጊዜ ግን የሚያቆጠቁጥበትና ፍሬ የሚሞላበት ነው። በአበባው ወቅት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ የአበባው ብናኝ መምከን ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ማሳ ከመንገድ ዳር ያየ ሰው «ደህና ሰብል ነው» ብሎ ያልፋል። አንድ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ ቢያሽ ግን አብዛኛው ገለባ ነው፤ የቀረችውም ፍሬ ቀጭን፣ ቆዳዋ የተጨማደደ ናት።

አሶሳ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት ከወረር ትሻላለች፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ከየካቲት ጀምሮ ግን ሐሩሩ ይበረታል። በኅዳር መጀመሪያ የተዘራው በጥር ያብባል። በጥር የተዘራው አበባው መጋቢት ላይ ይወድቃል፤ አጨዳውም ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ገበሬው የሚዘገየው ሰንፎ አይደለም፤ ማሳው በማሽላ ተይዞበት ነው። የአካባቢው ማሽላ ዕድሜው ረጅም ነው፤ እሱ እስኪታጨድ፣ ትራክተር ተራ እስኪደርስ ታኅሣሥ ያልቃል። የሰሜን ሕንድ ገበሬም በሩዝ ምክንያት እዚሁ ችግር ውስጥ ነው፤ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ከምርቱ አንድ በመቶ ገደማ እንደሚቀንስበት ይነገራል። በ2022 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲብስ፣ ሕንድ በግንቦት የስንዴ ኤክስፖርቷን አገደች። አንዳንድ ገበሬዎች የመረጡት መፍትሔ የሩዙን ቅሪት ሳያርሱ በላዩ በማሽን መዝራት ነው።

ለአሶሳ ግን የተሻለው መፍትሔ ከክረምቱ መግቢያ ይጀምራል፦ ለመስኖ በታሰበው ማሳ ላይ ከማሽላ ይልቅ አኩሪ አተር መዝራት። ክልሉ ሰብሉን በደንብ ያውቀዋል፤ ማሳውንም ቀደም ብሎ ይለቃል። ከወረር ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ ፈንታሌና አሚባራ ያሉ ዝርያዎች ሙቀት መቻላቸው እውነት ነው፤ ሆኖም መቻላቸው ለመዘግየት ፈቃድ ተደርጎ መታየት የለበትም። መስኖም ቅጠሉን በጥቂት ዲግሪ ያቀዘቅዛል እንጂ መጋቢትን ጥር አያደርገውም።

ታኅሣሥ ካለፈ ስንዴውን ትቶ ማሾ መዝራት ይሻላል። ማሾ ሙቀት ይወዳል፣ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ገበያም አለው። ይህ ሲሆን በመስኖ ስንዴ ዘመቻው የታቀደው ሄክታር ይጎድላል፤ የግብርና ባለሙያውም «ለምን አነሰ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ የዘመቻው ሪፖርት በሄክታሩ አጠገብ የተዘራበትን ቀን የሚያስሞላ አንድ ዓምድ ቢጨመርበት፣ የጎደለው ሄክታር ከምን እንዳዳነ ለማየት ያስችላል።