በጥርስ ሕክምና ክፍል የሚሠሩት ሰዎች እስትንፋስ ይጠበቅ

ጥርሱን የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ሲሄድ የሚያስበው ስለ ሕመሙ ብቻ ነው። አጐንብሶ የሚያክመው ሐኪም፥ መሣሪያ የምታቀብለው ረዳትና ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛ ምን ዐይነት አየር እንደሚተነፍሱ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ወር ስለ እነርሱ ለመናገር እንወዳለን።

የዛሬው የጥርስ መሰርሰሪያ በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ጥርሱ እንዳይግል ውሃ ይረጭበታል፤ ውሃውም ከምራቅና ከደም ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ጉም ይበተናል። ትልልቁ ነጠብጣብ ወዲያው ሲወርድ፥ በዐይን የማይታየው ረቂቁ በአየር ላይ ይቈያል። ሐኪሙ ከወጣ በኋላ ለማጽዳት የሚገባውም ሠራተኛ ይህንኑ አየር ይተነፍሳል። በሽተኛው የሳንባ ነቀርሳ፥ ወይም በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የኮቪድ በሽታ ቢኖርበት፥ ሳሉና ጉሙ በክፍሉ ላሉት ሁሉ አደጋ ነው።

«ሐኪሙ አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ የለምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ተራው መሸፈኛ የሚፈናጠረውን ነጠብጣብ ይከላከላል፤ ነገር ግን ግራና ቀኙ ክፍት ስለ ሆነ ረቂቁን አያግድም። ኤን 95 የሚባለው መሸፈኛ ግን ፊትን ገጥሞ ከተያዘ፥ ከረቂቁ ብናኝ ቢያንስ ከመቶ 95 እጁን ያስቀራል። መግጠሙም በግምት አይታወቅም። እኛ በውጭ አገር ስንማር፥ መሸፈኛውን አድርገን መራራ ፈሳሽ እንደ ጉም ይነፋብን ነበር፤ ምሬቱ በምላሳችን ከተሰማን መሸፈኛው ያሾልካል ማለት ነው። መሸፈኛው በሚያርፍበት ቦታ ጢም ያሳደገ ሰውም ከቶ አይገጥምለትም።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ፥ እንዲህ ያለ መሸፈኛ ለሚያስፈልገው ሠራተኛ አሠሪው ያለ ዋጋ እንዲሰጥ፥ አስቀድሞ ጤንነቱ እንዲመረመር፥ የመሸፈኛውም ልክ በየዓመቱ እንዲፈተን ያዝዛል። በእኛ አስተያየት ይህ ለባለጸጋ አገር ብቻ የሚገባ ሥርዓት አይደለም። ረዳቲቱ ከደመወዟ ቀንሳ መሸፈኛ ትግዛ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ከሥራው የሚጠቀመው የሥራውንም አደጋ የመከላከል ግዴታ አለበት። ደግሞም መሸፈኛ ብቻውን አይበቃም። መስኮት ይከፈት፤ ጉሙን ከአፍ ሥር የሚስበው ቧንቧ ዘወትር ይሥራ፤ የሚተላለፍ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው፥ የጥርሱ ሕክምና አስቸኳይ ካልሆነ፥ በሽታው መተላለፉን እስኪያቆም ይቈይ።

ታካሚም ሐኪሙ ፊቱን አጥብቆ ቢሸፍን «ተጸየፈኝ» ብሎ አይቀየም። ሐኪሙ ራሱን ሲጠብቅ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን በሽተኛም ይጠብቃል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፥ አንባብያንም ለቤተ ሰባቸው እንዲያስረዱ እናሳስባለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፥ ጥንቃቄው ሐኪሙ ከመታመሙ በፊት ይሁን።