የሰርጋችሁ ፎቶ፦ ጥሬው ይቀመጥ



የሰርግ ወር እየቀረበ ነው። እኛም ዘንድ፣ ዲጋም ሆነ ነቀምቴ፣ ጥር ሲቃረብ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሰንጋው፣ ስለ ቬሎ ኪራዩ ይመክራል። የፎቶው ነገር የሚነሳው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዋጋው ብቻ። ሰሞኑን ልጇን የምትድር አንዲት እናት «ፎቶ አንሺው ‹በሮው ላንሳ ወይስ በጄፔግ?› ቢለን የምንመልሰው ጠፋን» አለችኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ እንጂ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ጉዳዩ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነውና የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ለወለጋ ሰው በቡና ማስረዳት ይቀላል። ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ብዙም ሳይነካ ሲያስቀምጠው ፋይሉ ሮው ይባላል፤ ጥሬ ማለት ነው። ጄፔግ ደግሞ የተቆላና የተፈላ ነው። ካሜራው ራሱ ቀለሙን መርጦ፣ ብርሃኑን አስተካክሎ፣ አያስፈልግም ያለውን ጥሎ፣ አሳንሶ ያቀርበዋል። ወዲያው በስልክ ይታያል፣ ይላካል፣ ይታተማል። ሮው ግን በኮምፒውተር ሳይሠራ ለእንግዳ አይቀርብም። ጥሬ ቡና ካለ ዛሬ ለስለስ፣ ነገ ጠቆር አድርጎ መቁላት ይቻላል። አንዴ ያረረውን ግን ወደ ጥሬነት የሚመልሰው የለም።

ልዩነቱ በቁጥርም ይታያል። ጄፔግ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ቀለም ለእያንዳንዳቸው 256 የብርሃን ደረጃ ይይዛል። ብዙዎቹ ካሜራዎች በሮው ሲያነሱ ግን 4,096 ወይም 16,384 ደረጃ ይይዛሉ። ይህ ለእኛ ሰርግ ትልቅ ነገር ነው። ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሳ በቀትር ፀሐይ ስትቆም ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጠይሙ ፊቷ ይጨልማል። ለፊቷ ብሎ ብርሃን ቢጨምር ደግሞ የቬሎው ጥልፍ ሁሉ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ድንኳን ውስጥ ሲገባ የሸራው ቀለም በሰዉ ፊት ላይ ይፈስሳል፤ ሰማያዊ ሸራ ከሆነ እድምተኛው ሁሉ የታመመ ይመስላል። ሮው ካለ ይህን አብዛኛውን ማስተካከል ይቻላል። በጄፔግ ግን የሚስተካከለው ጥቂቱ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከአርመን ወገን የሆኑት የቦያጂያን ቤተሰብ ከአጤ ምኒልክ ጀምሮ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። በዚያም ዘመን ሆነ ከዚያ በኋላ በየከተማው በተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ለደንበኛው የሚሰጠው የታተመው ወረቀት ነው፤ ኔጋቲቩ ይቀመጣል። ወረቀቱ ቢቀደድ ከኔጋቲቩ እንደገና ይታተማል። የዛሬው ኔጋቲቭ ሮው ነው።

ከሙያዬ ምሳሌ ልስጥ። ራጅ የተነሳ ታማሚ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ፊልሙንና ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት። ወረቀቱ የአንድ ሐኪም ንባብ ነው። ፊልሙ ካለ ግን ሌላ ሐኪም እንደ አዲስ አይቶ ሌላ ነገር ሊያገኝበት ይችላል። ስለዚህ ለታማሚ ሁልጊዜ «ፊልሙን አትጣል» እንላለን።

በአካባቢያችን የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት አዴ በልጃቸው ሰርግ ላይ ፎቶ ተነሱ፤ ዓመት ሳይሞላ አረፉ። ፊታቸው በቅጡ የሚታይበት ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም። ልጆቻቸው ለለቅሶው አሳድገው ሊያሳትሙ ሲሉ እጃቸው ላይ የተገኘው በቴሌግራም የተላከ ትንሽ ፎቶ ነው። የእናታቸው ፊት በሻሻቸው ጥላ ውስጥ ጨልሟል። ብርሃን ሲጨምሩበት ቆዳቸው ካሬ ካሬ እየሆነ ተበታተነ። ፎቶ አንሺው ያነሳው በጄፔግ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሚሞሪው ሲሞላ አጥፍቶታል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። «አስቀምጥልን» ያለው ሰው አልነበረም።

ታዲያ ሁሉም ነገር በሮው ይነሳ? የለም። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው አንድ ሮው ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ ጄፔጉ 8 ያህል ቢሆን ነው። በ32 ጊጋባይት ሚሞሪ ላይ ከ1,000 ትንሽ የሚበልጥ ሮው ሲገባ፣ ጄፔግ ግን ወደ 4,000 ይገባል። ሮው ጥሩ ኮምፒውተርና ጊዜ ይፈልጋል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። በጄፔግ የሚያምኑ ትልልቆችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የሮይተርስ ዜና ወኪል በግል የሚሠሩለት ፎቶ አንሺዎች ከሮው ተሠርቶ የወጣ ፎቶ እንዳይልኩ፣ ካሜራው በጄፔግ ያነሳውን ብቻ እንዲልኩ አዟል፤ ፍጥነትንና ታማኝነትን ፈልጎ። ደግሞም ሮው ተአምር አይሠራም። የነቀዘ ቡና ተቆልቶ እንደማይድን ሁሉ፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶና የተጨፈነ ዓይን በሮውም ቢነሳ ያው ነው።

እንግዲህ ለጠየቀችኝ እናትም ሆነ ለእናንተ ምክሬ ይህ ነው።

ለዕለት ተዕለቱ፣ ለልደትና ለቡና ጨዋታ፣ የስልካችሁ ጄፔግ ይበቃል። ለሰርግ፣ ለምረቃና ለሽማግሌዎች ፎቶ ግን ፎቶ አንሺው ሁለቱንም አብሮ እንዲያነሳ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ የባለሙያ ካሜራዎች ይችላሉ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሮው ለስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጥ፣ ለእናንተስ ይሰጥ እንደሆነ ተስማሙ። ሥራው ድካም አለውና ተገቢውን ዋጋ ክፈሉት። ሮው ባይሰጣችሁ እንኳ ጄፔጉን ሳይቀነስ በሙሉ መጠኑ በፍላሽ ተቀበሉ። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል። ከዚያም በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ እናንተ ዘንድ፣ ሌላው ሌላ ከተማ ባለ ልጅ ወይም ዘመድ ቤት።

በመጨረሻም፣ በሰርጉ ቀን ፎቶ አንሺው ከሙሽሮቹ ኋላ ብቻ እንዳይሮጥ አደራ በሉት። አያቶችን ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ አንድ በአንድ፣ በሮው ያንሳቸው። ሰርጉ ሌላ ቀን በቪዲዮ ይታያል፤ እነሱን ግን ዳግመኛ ላናገኛቸው እንችላለን።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።